የሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ጉዳይ፦ አሮጌ አፓርታማ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ የሚያየውና የማያየው

ሐሙስ ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 2021)፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡22 ገደማ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ከማያሚ ቢች በስተሰሜን በምትገኘው ሰርፍሳይድ በተባለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ከሚባለው ባለ12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ግማሽ ያህሉ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። ቆሞ የቀረው ክፍል ከአሥር ቀን በኋላ፣ አውሎ ነፋስ እየቀረበ ስለነበረ፣ በፈንጂ እንዲፈርስ ተደረገ።

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ሕንፃው ከመደርመሱ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ቀደም ብሎ አንድ የመሐንዲሶች ድርጅት የጉዳቱን ቦታ፣ መነሻና የጥገናውን ዋጋ በጽሑፍ አስቀምጦ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመት ከስምንት ወራት ውስጥ ግን በሕንፃው ያሉት ቤቶች እንደወትሮው ይሸጡና ይገዙ ነበር፤ አደጋው ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው እንኳ በሕንፃው አናት ላይ ያለው ሰፊ ቤት 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሽጧል። ስለዚህ ጥያቄው “ገዢ ባለሙያ ቀጥሮ ቢያስመረምር ኖሮ ያውቅ ነበር ወይ?” የሚል ነው። መልሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በተለምዶ የሚደረገው ምርመራ ችግሩ ያለበት ቦታ ጨርሶ አይደርስም ነበር።

(ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው

ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ተሠርቶ ያለቀው በ1981 ሲሆን 136 ቤቶች ነበሩት። ከምሥራቁ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከምዕራቡ ኮሊንስ የተባለው ጎዳና ያዋስነዋል። ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት አለ፤ የዚህ ምድር ቤት ጣሪያ ደግሞ በሕንፃው ጎን ላለው የመዋኛ ገንዳና በዙሪያው ላለው የመዝናኛ ቦታ ወለል ሆኖ ያገለግላል። ማለትም ነዋሪው ፀሐይ እየሞቀ የሚጋደምበት ወለልና ከታች የመኪና ማቆሚያው ጣሪያ የሆነው አርማታ አንድ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የአርማታ ወለል) ነው። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ሶሌታ ዙሪያ ነው።

ይህ ሶሌታ በአብዛኛው ቢም (ወለሉን ከሥር የሚሸከም አግዳሚ አርማታ) ሳይኖረው በቀጥታ በኮለኖች፣ ማለትም በቋሚ ምሰሶዎች፣ ላይ ያረፈ ነበር። እንዲህ ያለ አሠራር በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ቁመት ይቆጥባል፣ አርማታው የሚፈስበት የቅርጽ ሥራም ይቀላል። ነገር ግን ጭነቱ በሙሉ ወደ ኮለኑ የሚተላለፈው ሶሌታውና ኮለኑ በሚገናኙባት ትንሽ ዙሪያ ብቻ በመሆኑ፣ ያቺ ቦታ ከደከመች ኮለኑ ሶሌታውን እንደ ችካል በስቶ ይወጣል። አንዱ ኮለን ሲበሳ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ያኛውም አቅም ካጣ መደርመሱ በሰከንዶች ውስጥ ይዛመታል። ቢም ያለው ወለል ብዙ ጊዜ ከመውደቁ በፊት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ያስጠነቅቃል፤ በዚህ ዓይነት መበሳት የሚወድቅ ሶሌታ ግን ለማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ከቤት ውጭ ያለ ወለል ውሃው ወደ ማፍሰሻ ቱቦ እንዲሄድ ጥቂት ተዳፋት ይሰጠዋል፤ በአንድ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል። የሰርፍሳይዱ ሶሌታ ግን ልሙጥ ሆኖ ተሠርቶ፣ የውሃ መከላከያ ሽፋኑም በዚያው ልሙጥ ወለል ላይ ተነጥፎ ነበር። ስለዚህ የዘነበውም ከገንዳው የፈሰሰውም ውሃ እዚያው ተኝቶ እስኪተን መቆየት ነበረበት። ሽፋኑ ዕድሜውን ጨርሶ ሲቀደድ ውሃው ወደ አርማታው ይዘልቃል፤ ጨው ያለበት የባሕር አየር ሲጨመርበት በውስጡ ያለውን ፌሮ ብረት ያዝገዋል። ዝገት ከመጀመሪያው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ለተጨማሪ ውሃ በር ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ዝገት በየዓመቱ በእኩል መጠን አይጨምርም፤ መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ በኋላ ይፈጥናል።

የ2018ቱ ሪፖርት

በማያሚ ዴድ ካውንቲ 40 ዓመት የሞላው ሕንፃ በመሐንዲስ ተመርምሮ ዳግም ማረጋገጫ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። ይህ ደንብ የተወለደው በ1974 በማያሚ መሐል ከተማ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረበት ሕንፃ ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ 40 ዓመት የሚሞላው በ2021 ስለነበረ የባለቤቶቹ ማኅበር ቀደም ብሎ ሞራቢቶ ኮንሰልታንትስ የተባለውን ድርጅት ቀጠረ፤ ድርጅቱም ኦክቶበር 8 ቀን 2018 ሪፖርቱን አስረከበ።

ሪፖርቱ በገንዳው ዙሪያና በመኪና መግቢያው ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ሽፋን ማገልገል እንዳቆመና ከሥሩ ባለው ሶሌታ ላይ ከባድ የመዋቅር ጉዳት እያደረሰ መሆኑን ይገልጻል። ሽፋኑ በልሙጥ ወለል ላይ መነጠፉን ዋና የዲዛይን ስሕተት ብሎ ሰይሞታል። በመኪና ማቆሚያው ኮለኖች፣ ቢሞችና ግድግዳዎች ላይ ብዙ ስንጥቅና የተላጠ አርማታ መኖሩን፣ ከዚህ ቀደም የተደረጉ ጥገናዎችም እየከሸፉ መሆናቸውን ጽፏል። ሽፋኑ በቅርብ ጊዜ ካልተቀየረ ጉዳቱ እየተባዛ እንደሚሄድም አስጠንቅቋል። የጥገናው ግምት ከ9.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሪፖርቱ ሕንፃው ይደረመሳል አላለም፤ ነዋሪዎች ይውጡም አላለም። በመሐንዲሶች ደረቅ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከበረንዳ ስንጥቅ እስከ መስኮት ድረስ ብዙ ነገር የሚዘረዝር ሰነድ ነው፤ ዋናው ነገር ከዝርዝሩ መካከል ተቀምጧል። በኖቬምበር 2018 አንድ የማኅበሩ የቦርድ አባል ሪፖርቱን ለከተማው የሕንፃ ኃላፊ ላኩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በተደረገ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ኃላፊው ሕንፃው በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ እንደሚመስል መናገራቸው በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል። አንድ መሐንዲስ ከባድ ጉዳት ብሎ የጻፈውን አንድ ባለሥልጣን ጥሩ ብሎ ሲተረጉመው፣ ነዋሪው የትኛውን ማመን እንደሚቀናው ግልጽ ነው፤ የሚያስከፍለው የመጀመሪያው ነውና።

ገዢው ቢያስመረምር ኖሮ

አሁን በ2019 ወይም በ2020 ከዚህ ሕንፃ አንድ ባለሁለት መኝታ ቤት ለመግዛት የመጣን ሰው እናስብ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ በደላላው ቃል ብቻ አይረካም፤ ፈቃድ ያለው የቤት መርማሪ ይቀጥራል።

መርማሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል በቤቱ ውስጥ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ቧንቧዎቹን ከፍቶ ግፊቱን ያያል፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ያስነሳል፣ መስኮቶቹ አውሎ ነፋስ የሚቋቋሙ መሆናቸውን ይፈትሻል፣ በኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት ይፈልጋል። ፎቶ ያለበት ሠላሳ አርባ ገጽ ሪፖርት ያስረክባል። ይህ ሪፖርት ሐሰት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በፍሎሪዳ እንደ ሌሎችም ቦታዎች፣ አንድ አፓርታማ ገዢ ለብቻው የሚገዛው በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ ኮለኑ፣ ሶሌታው፣ ጣሪያው፣ መሠረቱ የጋራ ናቸው። የመርማሪውም ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። በስድስተኛው ፎቅ ላይ ሳሎን ውስጥ ቆሞ በምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ዝገት የሚያይ ዓይን የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን ነገር ለይቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት የሚልከው ገማች የሚሠራው ሥራ ምርመራ አይደለም። ገማቹ የሚጠይቀው “ተበዳሪው ባይከፍል ይህን ቤት በስንት እንሸጠዋለን?” የሚለውን ነው፤ ለዚህም በአካባቢው የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ ያያል። በአገራችንም የባንክ መሐንዲስ መጥቶ ገምቷል ሲባል ቤቱ ተመርምሯል ብሎ የሚያስብ ገዢ ብዙ ነው። በእንግሊዝ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ልዩነት ያውቃል፤ በዚያ አገር የቤት ቀያሾች ማኅበር ምርመራን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ ለአሮጌ ወይም ለተቀያየረ ቤት የሚመከረው ዝርዝሩ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ያም ቢሆን መርማሪው የሚያየው ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ ነው፤ የተሸፈነውን አይከፍትም፣ የማኅበሩን ሒሳብም አያነብም።

ታዲያ ገዢው ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሁለት መንገድ ነበረው፤ ሁለቱም ከቤቱ ደጃፍ ውጭ ያሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ወደ ታች መውረድ ነው። የመዋቅር መሐንዲስ ቀጥሮ፣ በሻጩ ፈቃድ በመኪና ማቆሚያው ለአንድ ሰዓት ያህል መዘዋወር ይቻል ነበር። በሶሌታው ሆድ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ የኖራ ክምችት፣ ኮለን ላይ ያለ የዝገት ዕንባ፣ አርማታው ተልጦ የተጋለጠ ፌሮ፣ ቀደም ብሎ ኢፖክሲ በተባለ ማጣበቂያ ተሞልቶ እንደገና የተከፈተ ስንጥቅ ለመሐንዲስ ዓይን የተጻፈ ደብዳቤ ማለት ናቸው። ተራ መዶሻ እንኳ ብዙ ይናገራል፤ ጤነኛ አርማታ ሲመታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከፌሮው የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ ጋን ያስተጋባል። ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ ከአርማታው ናሙና ቆርጦ በላቦራቶሪ መጭመቅ፣ በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ንባብ ዝገት ያለበትን ቦታ መለየት፣ ወይም በተቆረጠው ፊት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለውን ፈሳሽ መርጨት አለ፤ ፌሮውን ከዝገት የመጠበቅ ኃይሉ ያልተሟጠጠ አርማታ ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል፣ የተሟጠጠው ቀለሙን አይለውጥም። እውነቱን ለመናገር አንድ ገዢ ለአንድ ቤት ብሎ የጋራውን ሶሌታ ለመቁረጥ ፈቃድ አያገኝም። ነገር ግን መሐንዲሱ “ይህ ነገር መቆረጥና መፈተሽ አለበት” ብሎ መጻፉ ብቻ ገዢውን ወደ ሁለተኛው መንገድ ይመራዋል።

ሁለተኛው መንገድ ወረቀት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከመዶሻውም ከላቦራቶሪውም ይበልጥ ኃይል የነበረው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ያኔ በነበረው የፍሎሪዳ ሕግ መሠረት ከግለሰብ ባለቤት የሚገዛ ሰው የማኅበሩን መተዳደሪያ፣ ደንቦችና የቅርቡን የሒሳብ መግለጫ የማግኘት፣ ሰነዶቹን ከተቀበለም በኋላ ሰንበትና በዓል ሳይቆጠር በሦስት ቀን ውስጥ ውሉን የመተው መብት ነበረው። የመሐንዲስ ሪፖርት ግን ከሚሰጡት ሰነዶች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ባለቤት የሆነ ሰው የማኅበሩን መዝገብ የማየት መብት ስለነበረው፣ ገዢ ሻጩን “የአምስት ዓመት ቃለ ጉባኤና ማንኛውንም የመሐንዲስ ሪፖርት አምጣልኝ፤ ካላመጣህ አልገዛም” ማለት ይችል ነበር። ከዚህም በላይ ሪፖርቱ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ በከተማው ጽሕፈት ቤት እጅ ነበር፤ ፍሎሪዳ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ለማንኛውም ጠያቂ ክፍት እንዲሆን በሰፊው የሚፈቅድ ሕግ ያላት ግዛት ናት። ሕንፃው በተደረመሰ ማግሥት ከተማው ያንኑ ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ አደረገው። ያ ፋይል በአንድ የጽሑፍ ጥያቄ ሊወጣ የሚችል ነበር።

ቃለ ጉባኤ ማንበብ አሰልቺ ነው፤ ግን የአሮጌ ሕንፃ እውነተኛ ሕመም የሚገኘው እዚያ ነው። በሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የጥገናው ዋጋ ባስነሳው ጭቅጭቅ በ2019 ከሰባቱ የቦርድ አባላት አምስቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀዋል። ይህን ያነበበ ገዢ ስለ አርማታ ምንም ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር እየተንከባለለ እንደመጣ ይገባው ነበር።

ገንዘቡ

አደጋው ባይደርስ እንኳ ገዢውን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነበር፤ በተግባር ብዙ አሮጌ አፓርታማ ገዢዎችን የሚያገኛቸውም እሱ ነው።

የማኅበሩ የጥገና ተቀማጭ በ2021 መጀመሪያ ላይ ከ700 ሺህ ዶላር ብዙም ያልዘለለ ሲሆን፣ ሊኖረው ይገባል ተብሎ ከተሰላው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አንጻር ከ7 በመቶ አይበልጥም ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው። የፍሎሪዳ ሕግ ባለቤቶች በድምፅ ብልጫ ተቀማጩን እንዳያጠራቅሙ ወይም እንዲቀንሱ ይፈቅድ ነበር፤ ወርኃዊ ክፍያ ዝቅ ሲል ቤቱም በቀላሉ ይሸጣል። ሽያጭ ላይ “ወርኃዊ ክፍያው ዝቅተኛ ነው” ተብሎ እንደ ሞገስ የሚነገረው ነገር በአሮጌ ሕንፃ ላይ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ዕዳ ነው፤ እኔ ብሆን ዝቅተኛ ክፍያ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ከፍተኛ ክፍያ ካለው ይልቅ እጠረጥረዋለሁ።

ኤፕሪል 9 ቀን 2021 የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለባለቤቶቹ በጻፉት ደብዳቤ በ2018 የታየው የአርማታ ጉዳት በጣም መባባሱን፣ ወጪውም ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን ገለጹ። ይህ ለ136 ቤቶች በአማካይ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 110 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በተግባር የተመደበው ልዩ መዋጮ እንደ ቤቱ ስፋት ከ80 ሺህ ዶላር ገደማ ለባለአንድ መኝታው እስከ 336 ሺህ ዶላር ገደማ ለላይኛው ትልቅ ቤት ይደርስ ነበር። የ2018ቱ ግምት በዚያው ስሌት በቤት 67 ሺህ ዶላር ያህል ይመጣ ነበርና፣ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድርሻው ለእያንዳንዱ ቤት ከ40 ሺህ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። በ2020 አጋማሽ ቤት የገዛ ሰው ይህን ደብዳቤ የተቀበለው ገና የብድሩን የመጀመሪያ ዓመት ሳይጨርስ ነው። ምርመራውን ከደጃፍ ውጭ ያስኬደ ገዢ ግን ይህንን መዋጮ ቀድሞ አስልቶ ወይ ከዋጋው ላይ ያስቀንሰው፣ ወይ ትቶት ይሄድ ነበር።

ለመዋጮው የተሰጠው ቀነ ገደብ ጁላይ 1 ነበር። ሕንፃው የወደቀው ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው።

መርማሪዎቹ ያገኙት

የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ምርመራ ያወጣቸው የመጀመሪያ ግኝቶች ለገዢ ምርመራ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይጨምራሉ። የገንዳው ሶሌታ ዲዛይን ያኔ የነበረውን የግንባታ ደንብ አያሟላም ነበር፤ በብዙ ወሳኝ ቦታዎች ላይ የነበረው ጥንካሬ ደንቡ ከሚጠይቀው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነበር። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ያልነበሩ ከባድ የአበባ መትከያዎች፣ አሸዋና ንጣፍ ድንጋይ በኋላ ተጨምረውበታል። የገንዳው ሶሌታ ከሕንፃው በደቂቃዎች ቀድሞ መውደቁም በማስረጃ ታይቷል።

ስለዚህ ዝገቱ ብቻውን ሕንፃውን አላፈረሰውም። ከመጀመሪያው ደካማ ሆኖ የተሠራ ነገር አርባ ዓመት ቆሞ፣ ሸክም ሲጨመርበትና ብረቱ ሲበላ አቅሙ አለቀ። የመዋቅር መሐንዲስ እንኳ በመኪና ማቆሚያው ተዘዋውሮ የመጀመሪያውን የስሌት ጉድለት በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ ለዚያ የመጀመሪያውን ንድፍ አውጥቶ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ይህን ማንም ገዢ አያስደርግም። ሊያስደርግ የሚችለው ግን አለ፤ መሐንዲሱን “ከመጀመሪያው ንድፍ ወዲህ በዚህ ሕንፃ ላይ ምን ተጨመረ?” ብሎ መጠየቅ። የአበባ መትከያ ለነዋሪው ጌጥ ነው፤ ለሶሌታው ግን አፈር፣ ውሃና አርማታ ነው፣ ማለትም በቶን የሚቆጠር ክብደት።

ከአደጋው በኋላ

በ2022 የሟች ቤተሰቦች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የፍርድ ቤት ስምምነት ካሣ እንዲያገኙ ተወሰነ፤ ለቤቶቹ ባለቤቶች ለንብረታቸው የተመደበው ግን ከ100 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነበር። ቦታው ለአንድ የዱባይ አልሚ ድርጅት በ120 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ለገዢ ይበልጥ የሚጠቅመው የሕጉ ለውጥ ነው። ፍሎሪዳ በሜይ 2022 ባወጣችው ሕግ መሠረት ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየአሥር ዓመቱ በመሐንዲስ ወይም በአርክቴክት መመርመር አለበት፤ ለባሕር ቅርብ የሆኑትን ደግሞ፣ ሕጉ በ2023 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የአካባቢው ባለሥልጣን 25 ዓመት ላይ ሊያስመረምር ይችላል። ማኅበራትም ጣሪያን፣ መዋቅርን፣ የውሃ መከላከያንና የመሳሰሉትን ለመጠገን ምን ያህል ገንዘብ መቀመጥ እንዳለበት የሚያሰላ የተቀማጭ ጥናት ማስጠናት አለባቸው፤ ለእነዚህ ዋና ዋና ነገሮች የሚቀመጠውን ገንዘብ በድምፅ መተውም ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በአብዛኛው ቀርቷል። ከሁሉ በላይ ያ በ2020 ገዢ ሊለምነው ይገባ የነበረው ዓይነት የምርመራ ሪፖርት፣ ማጠቃለያው ዛሬ ለገዢው የሚሰጥ ሰነድ ሆኗል። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜይም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ትልቅ ጥገና በተከመረባቸው ሕንፃዎች ላይ የተሰጡ ብድሮችን መቀበል አቁሟል፤ በዚህም ባንኩ ራሱ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ሕንፃውን ማየት ተገድዷል። የለውጡ ሸክም በጡረታ የሚኖሩ አሮጌ ነዋሪዎች ላይ ወድቋል፤ ለሠላሳ ዓመት ያልተከፈለው ገንዘብ በሁለት ሦስት ዓመት ሲጠየቅ ብዙዎች ቤታቸውን ለመሸጥ ተገድደዋል። ስለዚህ ዛሬ በማያሚ ርካሽ አሮጌ አፓርታማ የሚያይ ሰው ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።

ለእኛ ገዢዎች

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶቿም አብዛኞቹ ከመሬት በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ናቸው። የሰርፍሳይድን አደጋ እንዳለ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ ትክክል አይሆንም። የሚመሳሰለው የባለቤትነቱ አወቃቀር ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ዓ.ም. መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው ለብቻው ቤቱን፣ ከሌሎች ጋር ደግሞ ጣሪያውን፣ መዋቅሩንና መሠረቱን ይይዛል፤ የጋራውንም የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች አሁን ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

የእኛ ገዢ በአንድ ነገር ጠንቃቃ ነው፤ ካርታውን ያያል፣ ዕዳና እገዳ ያስጣራል፣ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ወረቀቱ የማን እንደሆነ እንጂ ሕንፃው እንዴት እንዳለ አይነግርም። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ በውክልና የሚገዛው ደግሞ ወንድሙ በስልክ የላከለትን ቪዲዮ አይቶ ይወስናል፤ ቪዲዮው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሳየው ሳሎኑንና አዲስ የተለጠፈውን የወጥ ቤት ሴራሚክ ነው።

እዚህ ለገዢ በግዴታ የሚቀርብ የሕንፃ ምርመራ ሪፖርት ስለሌለ ገዢው ራሱ ማስመርመር አለበት፤ መሐንዲሱንም ወደ ሳሎኑ ከመውሰዱ በፊት ሁለት ቦታ ሊወስደው ይገባል። አንደኛው የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያ ነው፤ እዚያ ነዋሪዎች በየግላቸው ያወጧቸው ሮቶዎች ይገኛሉ፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፣ አምስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በንድፉ ላይ ያልነበረ አሥር ቶን ይሆናል። ሁለተኛው ከመሬት ጋር የሚገናኘው የታችኛው ፎቅ ነው፤ ለሱቅ ሲባል የተሰበረ ግድግዳ፣ የተቆረጠ ኮለን ጫፍ፣ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ለዓመታት ሲንጠባጠብ የኖረ የሶሌታ ሆድ እዚያ ይታያል። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ጸሐፊ አግኝቶ የቃለ ጉባኤውን ደብተርና የባንክ ሒሳቡን መጠየቅ ነው፤ ደብተሩ የለም የሚል መልስ ካገኘም በሪፖርቱ ላይ እንዲጻፍለት ያድርግ።